የአሳርካ የመርከብ ቅሪት
ጥቁር አሳርካ በተባለችው የኤርትራ ደሴት አጠገብ፣ በቀይ ባሕር ወለል ላይ የሚገኝ የጥንት መርከብ ቅሪት። በ1997 እ.ኤ.አ. በራልፍ ፔደርሰን የተመራ ቡድን የአየር ጋን ተሸክሞ እየጠለቀ አጥንቶታል። ዋናው ግኝት አምፎራ ነው፦ ባለ ሁለት እጀታ፣ ወደ ታች የሚሾል፣ ገላው የተሸነተረ እንስራ። ዓይነቱ በአይላ፣ በዛሬዋ አቃባ፣ ይሠራ ነበር፤ በአክሱምና በአዱሊስ ቁፋሮም ስለወጣ «የአይላ-አክሱም» ይባላል። ለአክሱም ንግድ ጠቃሚ ምስክር ነው፤ በአክሱምና በአዱሊስ የተገኘው ስባሪ ዕቃው ከተራገፈ በኋላ የተጣለ ሲሆን ይህኛው ጭነት ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። ጠላቂ ስባሪውን እንዳያነሣ ይመከራል፦ ሸክላው ሲደርቅ በውስጡ የሰረገው ጨው ጠጥሮ ይፈረካክሰዋል። የዩኔስኮ የ2001 እ.ኤ.አ. የውኃ ውስጥ ቅርስ ስምምነትም ቅርሱ ባለበት እንዲቆይ ያስቀድማል።