የጧፍ መብራት በጎጃም፤ ከማር ግብር እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ

ጎጃም የማር አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ከማሩ ጋር የሚገኘው ሰም ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የሚበራው የጧፍ ታሪክ፣ የመብራቱን ዋጋ ማን ሲከፍል እንደ ኖረ የሚያስረዳ መሆኑን ነው።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። ጠጅ የሚጣለው ከሰሙ ባልተለየ ማር፣ በውሃና በጌሾ ነው። በላይ የሚንሳፈፈው ሰም ሰፈፍ ይባላል። ሰፈፉ በውሃ ተፍልቶ በጨርቅ ሲጠለልና ሲበርድ፣ ንጹሑ ሰም ከላይ ይረጋል። ይህንንም እያሞቁ በተፈተለ የጥጥ ክር ላይ ሲያለብሱት ጧፍ ይሆናል።

እንግዲህ ጠጅ በበዛበት ሰምም ይበዛል ማለት ነው። በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ፣ የአገው ሰዎች ማር፣ ቅቤና ሰም ጭነው ወደ ጎንደር ይወጡ እንደ ነበር ጽፏል። ከ1873 እስከ 1893 ዓ.ም. በጎጃም የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም መናገሻቸው መንቆረር ነበረች፤ እርሷም ንጉሡ ባሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ማርቆስ ተባለች። በቤተ መንግሥቱ ግብር ከሚጠጣው ጠጅ የሚጠራቀመው ሰፈፍ ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ዳሩ ግን ማሩን በግብር ያገባ የነበረው ባለ ቀፎው ገበሬ ነው።

ሰም በዚያው ዘመን በምፅዋ በኩል ወደ ውጭ ይሸጥ ስለ ነበር፣ መቅደሱና የባሕር ማዶው ነጋዴ አንዱን ሰም ይሻሙ ነበር ለማለት ይቻላል። ሆኖም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው ከመሬቷ ገቢ ይሸፈን ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ግን ይህ ገቢ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ይበልጥ በምእመናን ስለትና ስጦታ ላይ የተመሠረተ ይመስለናል።

ዛሬ ኢትዮጵያ ሰም በብዛት ከሚያመርቱት የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ቢሆንም ንጹሕ ሰም ውድ ስለሆነ፣ በደጀ ሰላም ከሚሸጠው ጧፍ ብዙው ከነዳጅ ዘይት በሚገኘው በፓራፊን የተሠራ ነው። ማር ማር የሚሸተው ጧፍ እየተወደደ ሄዷል። አንዳንዶች ይህን በሻጮቹ ስግብግብነት ያመካኛሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቀድሞ ገበሬው በግብር፣ መሬቱም በገቢው የተሸከሙት ዋጋ፣ ዛሬ የወደቀው በደጅ በተቀመጠችው ጧፍ ሻጭና ሳንቲሟን ቆጥራ በምትገዛው ምእመን ላይ ነው። ሻጯን ከመውቀሳችን በፊት ይህን ታሪክ ማየት ይገባናል።