«ሂያጅ» እና «ተጋሪ»፦ የአዮናዊና የኮቫለንታዊ ውሁዶች ስያሜ ታሪክ

ለሳይንስ ጽንሰ ሐሳብ አማርኛ ስያሜ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የባዕዱ ቃል የሚተረጎመው በሥርወ ቃሉ ነው ወይስ በጽንሰ ሐሳቡ የሚለው ነው። የ«አዮን»ና የ«ኮቫለንት» ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብርሃን የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው ባጭሩ እናቀርበዋለን።

«አዮን» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1834 ሥራ ላይ ያዋለው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ሲሆን፣ ከግሪክኛ መርጦ የሰጠው ዊልያም ሂዩዌል ነበር። ፍችውም «ሂያጅ» ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ኤሌክትሮዶቹ የሚጓዙትን ቅንጣቶች ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1913 ግን ሎውረንስ ብራግ የገበታ ጨውን በኤክስ ሬይ መርምሮ፣ እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎሪኖች፣ እያንዳንዱም ክሎሪን በ6 ሶዲየሞች ተከቦ በየቦታው እንደሚቆም አሳየ። እንግዲህ በደረቅ ጨው ውስጥ «ሂያጁ» የማይሄድ ሆኖ ተገኘ፤ ተነጥሎ «ሞለኪዩል» የሚባል ጥንድም ጠፋ። አንጋፋው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1927 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አጥብቆ ነቀፈ። የለመደው ቃል ከአዲሱ ማስረጃ በልጦበት ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

እ.ኤ.አ. በ1916 ቫልተር ኮሰል ኤሌክትሮን ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው በመተላለፉ የሚፈጠረውን ትስስር፣ ጊልበርት ሉዊስ ደግሞ ጥንድ ኤሌክትሮን በመጋራት የሚገኘውን አብራሩ። ለኋለኛው እ.ኤ.አ. በ1919 «ኮቫለንስ» የሚል ስም ያወጣለት ኧርቪንግ ላንግሙየር ነው። በዚህ መሠረት ጨው አዮናዊ ነው፤ የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ሲቀልጥ ወይም በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስኳር ኮቫለንታዊ በመሆኑ በውሃ ቢሟሟም አያስተላልፍም። ሆኖም ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳመለከተው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደረጃ እንጂ የግድግዳ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። «አዮን»ን «ሂያጅ» ብንለው ቆሞ የሚኖረውን እንዲሄድ እናደርገዋለን፤ ስለዚህ ቃሉ እንዳለ ይወሰድ። «ኮቫለንት»ንም ከላቲን ሥሩ «አብሮ ብርቱ» ብንለው ተማሪው ምንም አይረዳም፤ «ኤሌክትሮን ተጋሪ» ብንል ግን ፍሬ ነገሩን ይጨብጣል። «የጨው ሞለኪዩል» የሚለው አነጋገር ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ፍች ሊወጣ ይገባዋል እንላለን፤ ስሕተት በመዝገበ ቃላት ከሰፈረ በኋላ ነቅሎ ማውጣት እጅግ አድካሚ ነውና።