ስንዴው በዛ፤ ጭሰኛውስ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ የካምፓስ ወሬ ሁሉ አንድ ይሆናል። «ርዕስ አገኘህ?» «የትኛው ኤንጂኦ ነው ገንዘብ የሚሰጠው?» ርዕሱ ውስጥ «ዘላቂ ልማት» የሚል ካለበት፣ ድርጅቱም የውጭ ከሆነ፣ ተማሪው እንደ ተሾመ ይቆጠራል። ከዚያ መጠይቅ ይባዛል፣ ገጠር ይወረዳል፣ ቁጥር ይሞላል፣ ይጠረዛል። አለቀ። ግን ጎበዝ፣ ጥያቄውን የጠየቀው ማን ነው? ድርጅቱ ነው ወይስ አጥኚው? የዚህ ጥያቄ መልስ ስንት እንደሚያወጣ ለማየት ወደ አርሲ ብቅ ማለት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ተጀመረ። ስሙ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን «ካዱ» ብሎ ነው። መቀመጫው አሰላ ነበር። ማዳበሪያውን፣ ምርጥ የስንዴ ዘሩን፣ ብድሩን፣ ገበያውንና መንገዱን በአንድ አውራጃ ላይ በአንድ ጊዜ እንሞክረው የሚል ሐሳብ ነው። ይጠቀማል ተብሎ የታሰበውም ትንሹ ገበሬና ጭሰኛው ነበር።

ሠራም። በብድር ማዳበሪያና ዘር የሚወስደው ገበሬ መጀመሪያ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10,000 አለፈ። ስንዴው በዛ። ሪፖርት ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የኩንታሉ ቁጥር ከፊት፣ ፊርማው ከኋላ፣ ቀጣዩ በጀት ከእግሩ ሥር።

ነገሩ የተበላሸው መሬቱ የማን እንደሆነ ሲታይ ነው። በጭላሎ ከአራሹ መካከል ብዙ ጭሰኛ ነበር። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መሬቱን ውድ ሲያደርጉት ባለመሬቱም ሒሳብ መሥራት ጀመረ። መሬቱ ይህን ያህል ካፈራ ከጭሰኛ ጋር መካፈል ለምን? ትራክተር ከውጭ ሲገባ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ትራክተር ገዛ፣ አንዳንዱ ትራክተር ላለው ሰው አከራየ፣ ጭሰኛው ግን ጓዙን ጠቅልሎ ተነሣ። ሳይነሣ የቀረውም ኪራዩ ተጨመረበት። ለጭሰኛው የመጣው ማዳበሪያ ጭሰኛውን ነቀለው ማለት ነው።

ይህን ጽፈው ካስቀመጡት መካከል ሦስቱን እናንሣ። ሄኖክ ክፍሌ እ.ኤ.አ. በ1972 የትራክተር እርሻ በገበሬው ላይ ያስከተለውን ጣጣ አጥንተው አቀረቡ። ልብ በሉ፣ ጥናቱ የወጣው በራሱ በካዱ ነው። አሜሪካዊው ጆን ኮኸን ጭላሎን የዶክትሬት ጥናታቸው አድርገው መሬትና ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ መረመሩ፤ በ1973 ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አስረከቡ። ስዊድናዊው ሚካኤል ስቶል ደግሞ የገዛ አገራቸው ሕዝብ ግብር የሚፈስበትን ሥራ ይዘው፣ በ1974 በኡፕሳላ ስለ ኢትዮጵያ የእርሻ ልማት ፖለቲካዊ ቅራኔዎች ጻፉ።

የሦስቱም ብልሃት ቀላል ነው። ድርጅቱ «ስንት ኩንታል?» ሲል እነሱ «በማን ጎተራ?» አሉ።

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ካዱ ከመቋቋሙ ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ፓርላማ ደጃፍ ድረስ ወጥተዋል። ተማሪው በመፈክር ያለውን አጥኚው በቦታና በቁጥር አመጣው። መፈክርን «የልጅ ጩኸት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የራስን ድርጅት ጥናት ግን እንደዚያ ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ታዲያ ምን ተገኘ? ካዱ ሰፊ መሬት ያላቸውን ከብድሩ አስወጣ። ስዊድንም የባለመሬትና የጭሰኛ ሕግ እንዲወጣ ንጉሠ ነገሥታዊውን መንግሥት ወተወተች። ረቂቁ ፓርላማ ገባ፣ እዚያው ቀረ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እነማን እንደነበሩ ለናንተ አንነግራችሁም። የገጠር መሬት የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) ነው፤ ያመጣውም አብዮት እንጂ የመመረቂያ ጽሑፍ አይደለም። ቀድሞ ለተነቀለው ጭሰኛ ደግሞ ዘግይቷል።

እንግዲህ ጥናቱ አገር ለወጠ ብለን አናጋንንም። ግን «አላወቅንም ነበር» የሚለውን ሰበብ ዘግቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኩንታሉ ቁጥር ብቻ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስለ ጭላሎ የምናነበው የድል ታሪክ ይሆን ነበር።

አንድ የሚቆጨን ነገር አለ። እነዚህ ጽሑፎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የጭላሎ አራሽ ደግሞ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ስለ እሱ የተጻፈውን ኡፕሳላና ኮሎራዶ ሲያነቡት እሱ አላነበበውም።

ስለዚህ ዘንድሮ መጠይቅ ይዛችሁ ገጠር ለምትወርዱ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። ድርጅቱ የሰጣችሁን ጥያቄ ሁሉ ሙሉ፤ ለአበሉም አትፈሩ፣ ተቀበሉ። ከመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ማንም ያላዘዛችሁን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ትርፉ የማን ነው፣ የሚነሣውስ ማን ነው? መልሱን ስታገኙም ወደ ሠፈሩ ተመልሳችሁ፣ በሠፈሩ ቋንቋ ንገሩት። ጥራዙ ለመደርደሪያው ይበቃዋል።