ዘንዶውን ከውጭ ማን አስመጣው?

«ፋንታዚ የፈረንጅ ነገር ነው» ይሉናል። የሚሉን ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኞቹ ታላላቆቻችን ናቸው፤ ጠንቋይና ዘንዶ ያለበት መጽሐፍ ይዘን ሲያዩን ፊታቸው ይከፋል። ሁለተኞቹ እኛው ነን። በሞርሲቶ፣ በሆሳዕናና በዱራሜ ልብ ወለድ እንሞክራለን የምንል ልጆች ደብተር ስንለዋወጥ ጀግናው ኤልድሪክ ይባላል፣ ከተማው በግንብ የታጠረ ነው፣ ምድሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለብሷል። ሞርሲቶ ላይ በረዶ ማለት እኮ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርዶ ማሳ አጥፍቶ የሚሄድ ጠላት ነው! ማንም በላዩ ፈረስ አይጋልብበትም።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ነገሩ ከቤታችን ነበር። መቼና እንዴት ከቤት እንደወጣ እንይ።

ከመጽሐፈ ሄኖክ እንጀምር። ሁለት መቶ መላእክት ከሰማይ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች ያገባሉ። ለሰው ሰይፍ መሥራትን፣ መኳኳልን፣ አስማትንና የከዋክብትን ምስጢር ያስተምራሉ። የሚወልዷቸው ግዙፋን የሰውን ድካም በልተው ሲጨርሱ ሰውየውን ራሱን መብላት ይጀምራሉ። ይህ መጽሐፍ በሌላው ዓለም ጠፍቶ፣ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 (እ.ኤ.አ.) ቅጂዎቹን ይዞ አውሮጳ ገባ፤ በ1821 ደግሞ በእንግሊዝኛ ታተመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2007 አሜሪካ ውስጥ ካሳንድራ ክሌር «ሲቲ ኦፍ ቦንስ»ን ስታወጣ ጀግኖቿ የመልአክ ደም ያላቸው «ኔፊሊም» ነበሩ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም የወጣቶች መጽሐፍ መደርደሪያ በወደቁ መላእክት ተሞላ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 እነዚህን ግዙፋን በጥቂት ቃል ነው የሚያልፋቸው። ታሪካቸውን ዘርዝሮ የሚነግረን ሄኖክ ነው። እኛ ደግሞ ያንን በፒዲኤፍ አውርደን «ፈረንጅ እንዴት ያስበዋል!» እንላለን።

(ሄኖክ ለኦርቶዶክስ አማኝ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ልብ ወለድ ነው አላልንም፤ ነገር እንዳይመጣብን። ይህን ሲሰማ የኖረ ጆሮ ለግዙፋን እንግዳ አይደለም ነው የምንለው።)

ክብረ ነገሥትም አለ። ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላዎቹ ከምድር ከፍ ብለው ይበራሉ። ዜና እስክንድር አለ፤ የመቄዶንያው እስክንድር በግዕዝ እጅ ሲገባ እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጉሥ ሆኖ ጎግንና ማጎግን በበር ይዘጋባቸዋል። ፊስልጎስ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በጥንት ዘመን ነው፤ በእሳት ሞታ የምትነሣ ወፍና ባለ አንድ ቀንድ አውሬ ይዟል። ይህን ሁሉ ስንቆጥር ዘንዶ ከውጭ ማስገባት ቡና ወደ ሀድያ እንደ መላክ ይሆንብናል።

ታዲያ መቼ ተቋረጠ? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ላይ አይደለም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» ተባለ። አገሩ ስም የለውም፣ ዘመኑም አይታወቅም፣ አንዲት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ዛሬ ቢወጣ የወጣቶች ፋንታዚ ብለው የሚሸጡት ይመስለናል። ዘርፉን ዛሬ የምንጠራበት «ልብ ወለድ» የሚለው ቃልም ከዚሁ መጽሐፍ የወረስነው ነው፤ ልብ የወለደው፣ ዓይን ያላየው።

የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን ሲጽፉ ፓሪስ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር ይጋጫል። ልብ ወለድ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ፤ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ተከተለ። አንዱን እንኳ ቀንሱልን አንልም። አገሪቱ ገባር፣ ረሃብና ጦርነት እያለባት ደራሲ ስለሚበር ሠረገላ ቢጽፍ ማን ይሰማው ነበር? ግን በዚህ መሐል ሠረገላው ወደ ልጆች ተገፋ። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለአርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን «ተረት ተረት» ሲሉ፣ እኛም «የላም በረት» ስንል ቆየን። ከአባባ ተስፋዬ ወንበር ሥር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጉዱ ካሳ የሚኬድ አንባቢ ሆንን። ከአሥራ ሦስት ዓመት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ኤልድሪክ የገባው በዚያ ክፍተት ነው።

ክፍተቱ ምን ያህል እንደራበው ለማየት «ዴርቶጋዳ»ን ማስታወስ ይበቃል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ሳይንቲስቶችን፣ ሰላዮችንና የጣና ገዳማትን ምስጢር በአንድ ላይ ሲያስገባ፣ መጽሐፍ አያነብም የተባለው ወጣት ተሻምቶ ገዛው። ተቺዎች ስለ አሰካኩ ብዙ ተናግረዋል፤ የተወሰነው ትክክል ነው። የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ የሚያነብ ልጅ ግን ተቺ አይጠብቅም። ይስማዕከን በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በሞት አጣነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በስራት ደበበ «ጀምበር» የተባለ ልዕለ ኃያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ በኮሚክ አወጣ፤ ጀግናው ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ነው። ሥራ አጥ ምሩቅ! ይህንን ለማመን እኛ ዘንድ ምንም ምናብ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሀድያን በአንድ ቦታ ያነሣታል። ጊዜው 14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ዘመቻውን የታሪክ ሰዎች 1316/17 (እ.ኤ.አ.) ላይ ያስቀምጡታል። የሀድያው ገዥ አማኖ ለንጉሡ አልገብርም ይላል። ያስባለው አንድ ነቢይ ነው። «አትሂድ፣ አትገብር፣ ድሉ የአንተ ነው» የሚል ትንቢት ነገረው። ዜና መዋዕሉ ይህን ሰው የጨለማ ነቢይ አድርጎ ይስለዋል፣ ስሙንም በለዓም ይለዋል። ንጉሡ ዘመተ፤ አገሩ ተመታ፤ አማኖ ተያዘ፤ ሕዝቡ ተማረከ። ነቢዩ አመለጠ። ወደ ይፋት ሸሸ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በለዓም በዘኍልቍ ውስጥ እስራኤልን እንዲረግም የተቀጠረው ሰው ስም ነው። የሀድያ ሰው በዚያ ዘመን፣ ያውም በሚሸሽበት ቤተ መንግሥት መጽሐፍ ስም መጠራቱ አጋጣሚ አይመስለንም። ጸሐፊው ያወጣለት ስም ሳይሆን አይቀርም። እናቱ ያወጣችለት ጠፍቷል። ስለ እሱ የምናውቀውን ሁሉ የነገረን ያሸነፈው ወገን ነው፤ ክፉነቱንም ጭምር። በፋንታዚ ቋንቋ ስናየው፣ የጨለማው ጌታ ማለት መጽሐፉን ያልጻፈው ወገን ሰው ነው። ሞርዶር ውስጥ የተወለደ ልጅ መጽሐፍ ቢጽፍ ምን ይል ነበር?

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከዚያው ከሀድያ የተወለደች የገራድ ልጅ ንግሥት እሌኒ ሆነች። ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከች ናት፤ መንፈሳዊ መጻሕፍት እንደጻፈችም ይነገርላታል። የጨለማው ነቢይ አገር ልጅ በአሸናፊው ቋንቋ ብዕር ያዘች ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ሁለተኛ ቅጽ ማን ያገኛል?

ለምን አልተጻፈም ለሚል፣ መልሱ ስንፍና ብቻ አይደለም። አንደኛው እምነት ነው። ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሚስዮናውያን ወደ ሆሳዕናና አካባቢዋ መጡ፤ ዛሬ አብዛኞቻችን ያደግነው በወንጌላውያን አጥቢያ ነው። የጥንቱ እምነት ፋንዳኖ «የድሮ ጨለማ» ተብሎ ታለፈ። የነቢይ፣ የዝናብ ጠሪና የመሐላ ታሪክም አብሮ ታለፈ። በእሑድ ትምህርት ቤት የምታገለግል ልጅ ጠንቋይን ጀግና አድርጋ ብትጽፍ እናቷ ታለቅሳለች፤ ይህን የምንቀልድበት ነገር አይደለም። የናርንያ ጸሐፊ ሲ. ኤስ. ሉዊስና የቀለበቶቹ ጸሐፊ ቶልኪን ጸሎታቸውን የማይረሱ ክርስቲያኖች እንደነበሩ እንነግራታለን፤ የሚያሳምናት ግን አይመስለንም። ምናልባት የሚያሳምናት ሙሉው መጽሐፍ ተጽፎ ሲነበብላት ነው።

ሌላው ምንጩ ነው። የሀድያን የቃል ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ለቅሞ መጽሐፍ ያደረገው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ነው፤ በ1980 በጀርመንኛ ወጣ፣ በእንግሊዝኛ ለመታተም 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ጠበቀ። በ1980 ከነበሩት ሽማግሌዎች ስንቱ በዚህ መሐል እንዳለፈ አስቡት። እኛ ዘንድ አሁንም የሚናገሩ አሉ። ቡና ሲፈላ፣ በያሆዴ ሰሞን፣ ለቅሶ ቤት ሌሊቱ ሲረዝም ይናገራሉ። ስልካችን መቅጃ አለው፤ የምንቀዳው ግን ዘፈን ነው።

ይህንን ስንጨቃጨቅ ከረምን፣ ከዚያም ነቢዩን እንጽፈው ተባለ። ከሀድያ እስከ ይፋት የሸሸበትን መንገድ፣ አዋሽን እንዴት እንደተሻገረ፣ ማን አብሮት እንደሄደ። አንዷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ታስከትለው አለች፤ ትንቢቱ ሐሰት እንደሆነ ቀድማ የምታውቅ፣ ግን ማንም የማይሰማት። ሌላው ትንቢቱ እውነት ነው፣ ጊዜው ነው ያልደረሰው አለ፤ በዚህ ግማሽ ቀን ተከራከርን። ሁለቱ በሀድይሳ ይጻፍ ይላሉ፤ የተቀረነው በአማርኛ፤ እዚህ ላይ እስካሁን አልተግባባንም። የተስማማነው ስሙ ላይ ብቻ ነው። በለዓም አይባልም።