የመኪና የምርት ዘመን ማሳሳት

የመኪና የምርት ዘመን ማሳሳት ያገለገለ መኪናን ከተሠራበት ዓመት ይልቅ አዲስ አስመስሎ መሸጥ ነው። በኢትዮጵያ ገበያ የምርት ዘመኑ «ሞዴል» ይባላል፤ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚወስነውም እርሱ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በሞዴሎች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ክብደት አግኝቷል።

ዘመኑን ማረጋገጥ

አንዳንዱ ስሕተት ከዘመን አቆጣጠር ይመጣል። «2012 ሞዴል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተረዳው ገዢ ግን ከ7 እስከ 8 ዓመት ይሳሳታል። ስለዚህ በውሉ ላይ አቆጣጠሩም መጻፍ አለበት።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ይመሳከራል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ቁጥሩ 17 ምልክቶች ሲኖሩት 10ኛው የሞዴል ዓመቱን ያሳያል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌላቸው መጀመሪያ የተመዘገቡበትን ጊዜ የሚያሳየው የጃፓን የወጪ ሰነድ ይታያል። የደኅንነት ቀበቶ መለያም ጥሩ ፍንጭ ነው።

የገዢው መብት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ የሚያስገድደው ግን ነጋዴን ነው። ለምሳሌ ሐዋሳ ውስጥ የግል መኪናውን በደላላ በኩል የሚሸጥ ግለሰብ የሚጠየቀው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

በሕጉ ቁጥር 1704 መሠረት በተንኰል ባይታለል ኖሮ ውሉን የማይገባ የነበረ ገዢ ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ተራ ውሸት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ የተቀየረ የሻንሲ ቁጥር ወይም ሐሰተኛ ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው። ያታለለው ደላላው ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በዚሁ ቁጥር 1704 ውሉ የሚፈርሰው ሻጩ ማታለሉን ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ሆኖ ከተጠቀመበት ነው። ክሱ ማታለሉ ከታወቀ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ሞዴሉ በውሉ ላይ ከተጻፈ መንገዱ ይቀላል። ገዢው ተንኰልን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ መኪናው ውሉ ላይ የተገለጸው ዓይነት አለመሆኑን ማሳየት ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀ በኋላም በ1 ዓመት ውስጥ መብቱን መጠየቅ አለበት (ቁጥር 2292 እና 2298)። የማስታወቂያውን ግልባጭ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሻጩም ገዢውም የሐዋሳ ነዋሪዎች ከሆኑ ክሱ የሚቀርበው ለሲዳማ ክልል ፍርድ ቤት ነው። ማታለሉ ወንጀል ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አለ፤ አቤቱታውም ለፖሊስ ይቀርባል።