በሽታውን የደበቀ ማነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ተረቱ ጥፋቱን በታማሚው ላይ ይጥላል። በአገራችን የአእምሮ ሕመም ታሪክ ውስጥ ግን ለብዙ ዘመን የደበቀውም ያልደበቀውም እኩል ነበሩ፤ ቢናገር የሚሄድበት ሐኪም አልነበረውምና። የነበረው ጠበልና ጸሎት፣ ደብተራና ባለዛር ነው። ዛሬም በሐዋሳ እንደ ሌላው ከተማ ብዙው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሃይማኖት አባቶችን ደጅ ነው።

ዘመናዊው ሕክምና የመጣው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ለአሥርት ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር፣ ታማሚ ይዞ ለሚነሳ ቤተሰብ መንገዱ በሻሸመኔና በሞጆ አልፎ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የሚገባበት ቤት ስሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው፤ እኛ ግን መዝለፊያ አደረግነው። «አማኑኤል ግባ!» የተባለ ሰው መመረቁ አልነበረም።

መንገዱን ማሳጠር የጀመሩት ነርሶች ናቸው። በ1980ዎቹ መባቻ በአማኑኤል የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተከፈተ፤ ተመራቂዎቹም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ታማሚ መቀበል ጀመሩ። ስፔሻሊስት ሐኪም ግን ብርቅ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሲጀምር፣ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ገደማ ነበሩ።

የሕመሙን ስፋት በቁጥር ያሳየን የቡታጅራ ጥናት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት መረመሩ። ከዚያው አካባቢ 178 የታማሚ ቤተሰቦች ሲጠየቁ፣ 75 በመቶው በሕመሙ የተነሳ መገለል እንዳለባቸው ተናገሩ፤ 37 በመቶው የዘመዳቸውን መታመም መሸሸግ እንደሚፈልጉ አልካዱም። ተረቱ ያልቆጠረው ይህን ነው፦ የሚደብቀው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ ቤቱም ይደብቃል፣ ጎረቤትን ፈርቶ።

በ2005 ዓ.ም. ግድም የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ከሆስፒታል ወርዶ በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ አለመ። የጉራጌው ሶዶ ወረዳም ይህ በገጠር ጤና ጣቢያ ይሠራ እንደሆነ መሞከሪያ ሆነ።

ሐዋሳም ተራዋ ደረሰ። በ1998 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሪፈራል ሆስፒታል ዛሬ የሳይካትሪ ክሊኒክ አለው፤ ዩኒቨርሲቲውም በዘርፉ ባለሙያ ያስተምራል። ጭንቀቱም አብሮ አድጓል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶችን በልብስ ስፌት መኪና ፊት አስቀመጠ፤ ብዙዎቹ ከእናታቸው ቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከእህልና ከብርድ ልብስ ሌላ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ቀርቧል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳም ወደ ጤና ጣቢያ። ያልቀረበው ጆሯችን ነው። መስከረም 30 በመላው ዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር የሚነገረው ምክር «አትደብቁ፣ ተናገሩ» የሚል ነው። መልካም ነው። ግን ያቺ የፋብሪካ ልጅ እንቅልፍ ማጣቷን ብትናገር ሥራዋን፣ ኪራይ ቤቷን፣ እጮኛዋን የምታጣ ከሆነ መደበቋ ብልህነት እንጂ ስንፍና አይደለም። ተናገሪ ከማለታችን በፊት፣ ስትናገር ምን እንደምናደርጋት እንነጋገር።