ዐቢይ ቀመር፦ የ532 ጸጋና ወጥመድ

ሆለታ ገበያ ለፋሲካ በግ የሚነዳ ገበሬ በዓሉ የሚውልበትን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ይሰማል፤ አለዚያም ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ያያል። ከዚያ ቀን ጀርባ ያለውን ሒሳብ የጠቀለለው ግን አንድ ሙሉ ቁጥር ነው፦ 532። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ለመሆኑ ለምን 532 ሆነ? ጨረቃ ከፀሐይ ዓመት ጋር የምትገጥመው በ19 ዓመት ነው፤ ይህ ንዑስ ቀመር ይባላል። የሳምንቱ 7 ዕለታትና የወንጌላውያኑ 4 ዓመታት ሲባዙ ደግሞ 28 ዓመት ይሰጣሉ፤ ይህም ዐውደ ፀሐይ ነው። 19ንና 28ን ከ1 በቀር አብሮ የሚያካፍል ቁጥር የለም። ስለዚህ ሁለቱ ዙሮች እኩል የሚያልቁት በብዜታቸው፣ ማለትም በ532 ዓመት ነው። ይህ ወደ ቀን ሲመነዘር 194,313 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈልም ያለ ቀሪ 27,759 ሳምንት ይወጣዋል። ዕለቱ፣ ወንጌላዊው፣ አበቅቴውና መጥቅዑ ሁሉ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ከ532 ዓመት በፊት፣ በአፄ እስክንድር ዘመን በ1485 ዓ.ም. የዋለውም ሚያዝያ 12 ነበር።

ትውፊታችን ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን የ532ን ዙር በ5ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከነበረው ከእስክንድርያው መነኩሴ ከአንያኖስ ጋር ያያይዙታል። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ባሳተመው ጥናት የግዕዝ ብራናዎች ያንን ጥንታዊ የእስክንድርያ ሒሳብ ጠብቀው እንዳቆዩ አሳይቷል።

ጉዳዩ ግን በበዓል አያበቃም። ዛሬ «ዓመተ ምሕረት» ስንል ከክርስቶስ ልደት እንቆጥራለን። በመካከለኛው ዘመን ብራናዎች ላይ ግን ቃሉ ብዙ ጊዜ በ532ቱ ዙር ውስጥ ያለን ዓመት ያመለክታል። ዙሩ ከዓመተ ሰማዕታት ጀምሮ ስለሚቆጠር አንደኛው ዙር በ277 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በ809፣ ሦስተኛው በ1341 ጀመረ። እንግዲህ በሦስተኛው ዙር «በ100 ዓመተ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈ ብራና የ1440 ዓ.ም.፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጽሑፍ ነው። አንባቢው ዙሩን ካሳተ ግን ወደ 908 ዓ.ም. ይወስደዋል።

እዚህ ላይ የቁጥሩ ፍጹምነት ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ጸሐፊው ዕለቱን፣ ወንጌላዊውንና አበቅቴውን ሁሉ ቢያሰፍር እንኳ እነዚህ በየዙሩ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱን ዙር ከሌላው አይለዩም። የሚለየው የንጉሡ ወይም የጳጳሱ ስም፣ አለዚያም የፊደሉ አጣጣል ነው። ስለዚህ የብራናው ጥግ ሲቀደድ ወይም የንጉሡ ስም ሲፋቅ የሚጠፋው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ 532 ዓመት አብሮ ይጠፋል። ቁጥር የሚያውቅ መሪጌታና ብራና የሚያነብ የታሪክ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለባቸውም ለዚህ ነው።